ደረቅ ቆሻሻ በሕግ አማርኛ፦ የአዋጅ ቁጥር 513/1999 ሂሳዊ ዳሰሳ

በየካቲት 1999 ዓ.ም. በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የታተመው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ፣ እንደ ሌሎቹ የፌዴራል ሕጎቻችን፣ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፉበት ሰነድ ነው። የጋዜጣው ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 ሁለቱ ሲለያዩ የአማርኛው እንዲጸና ደንግጓል። ፍርድ የሚሰጠው በአማርኛው ዓምድ ከሆነ፣ የዚህ ዓምድ ቃላት በዚያው ክብደት ሊመዘኑ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ ጸድቋል። ሆኖም ለ18 ዓመታት የጽዳት መሥሪያ ቤቶቻችንን አማርኛ የቀረጸው የ1999ኙ ጽሑፍ ነውና ዛሬም ሊነበብና ሊተች የሚገባው ሰነድ ነው።

አገራችን ለዚህ ዓይነቱ የትርጉም ሥራ እንግዳ አይደለችም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ረቂቅ በፈረንሳዊው የሕግ ምሁር በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነበር። ያን የመሰለ ግዙፍ ሥራ ወደ አማርኛ የመለሱት ሰዎች ግዕዙንም የአደባባዩንም ቋንቋ አገላብጠው ቃል ፈልገዋል። የቆሻሻን ጉዳይ የሚመለከት ሕግም ተመሳሳይ ድካም ይጠይቃል፤ እንዲያውም የበለጠ፣ ምክንያቱም አንባቢው ዳኛውና ጠበቃው ብቻ ሳይሆን ማለዳ ጋሪ የሚገፋው ወጣትና በየጓሮው ጆንያ የምታስቀምጠው እናት ናቸው።

ከመዋቅሩ ልጀምር። አዋጁ አጭር ነው፤ በጥቂት ገጾች ትርጓሜውን፣ ዓላማውን፣ የከተማ አስተዳደሮችን ኃላፊነትና የየቆሻሻውን ዓይነት አያያዝ ያስቀምጣል። ዓላማው ላይ ያለው አሳብ የሰነዱ ከፍተኛው ነጥብ ነው፦ ጉዳትን መከላከል ብቻ አይበቃም፣ ከሚጣለው ነገር ለኢኮኖሚና ለማኅበራዊ ኑሮ የሚጠቅም ሀብት መፍጠር ይገባል ይላል። በ1999 ዓ.ም. ይህንን በሕግ ቋንቋ መጻፍ አርቆ ማየት ነው። አከፋፈሉም ተጨባጭ ነው። ጠርሙስና ቆርቆሮ፣ ፌስታል፣ ያገለገለ ጎማ፣ የምግብ ቆሻሻ፣ የቤት ቆሻሻ፣ የግንባታና የፍርስራሽ ቆሻሻ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አንቀጽ አላቸው። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ፌስታልን በቁጥር ለይቶ ማስቀመጡ አፈጻጸሙን ከግምት ያወጣል። ይህ የጥሩ ሕግ ጸሐፊ እጅ ነው።

ቋንቋው ላይ ስንደርስ ጥያቄ ይነሳል። አዋጁ ሲተረጉም ደረቅ ቆሻሻን ፈሳሽም ጋዝም ያልሆነ፣ አላስፈላጊ ተብሎ የተጣለ ነገር ያደርገዋል። ትርጓሜው ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን በሳይንስ መማሪያ መጻሕፍታችን ከፈሳሽና ከጋዝ ጋር የሚሰለፈው ቃል «ጠጣር» ነው። «ደረቅ» ለቤት እመቤቷ እርጥብ ያልሆነ ማለት ነው። ሐዋሳ ውስጥ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሂዱና ተመልከቱ፤ ከቢላዋው ሥር የሚወጣው የዓሣ አንጀትና ቅርፊት እጅ ላይ የሚንሸራተት፣ ውኃው የሚንጠባጠብ ነው። በሕጉ ግን ደረቅ ቆሻሻ ነው። ለትርጉሙ ፍትሕ ለመስጠት፣ በጭነት ሥራም «ደረቅ ጭነት» እንላለን፤ ከፈሳሽ ጋር የሚቃረን ደረቅ በአማርኛ መሠረት አለው። ስለዚህ ስህተት አልለውም። ሆኖም ዜጋው በቤቱ እንዲለይ ለሚታዘዝበት ሕግ፣ እርጥቡንና ደረቁን በአንድ «ደረቅ» ስም መጥራት ዋጋ ያስከፍላል።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የከበደ ነው። የአያያዝ ትርጓሜው መሰብሰብን፣ ማጓጓዝን፣ ማከማቸትን፣ መልሶ ለአገልግሎት ማዋልንና ማስወገድን ይዘረዝራል። መለየት የለበትም። የቤት ቆሻሻው አንቀጽ ግን የየቤተሰቡ ኃላፊ መልሶ ሊያገለግል የሚችለውን ከሚጣለው እንዲለይ ያዛል። ዋናው ግዴታ ከትርጓሜው ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። የተለያዩ ድርጊቶችም በአንድ ሐረግ ተጠቃለዋል። ለንጽጽር፣ ፈረንሳይኛ ዕቃን እንዳለ ለዚያው አገልግሎት ማዋልን «ሬአምፕሏ»፣ አቅልጦ ወይም ፈጭቶ ሌላ ዕቃ መሥራትን «ሬሲክላዥ»፣ ኃይል ማመንጨትን ጭምር የሚያቅፈውን ሰፊውን አሳብ «ቫሎሪዛስዮን» ብሎ በሕግ ይለያል። በእኛ የቢሮ አማርኛ ሁሉም «መልሶ መጠቀም» ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ታጥቦ ዘይት ሲቀዳበትና ተፈጭቶ ለፋብሪካ ሲሸጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ታክሱም፣ ፈቃዱም፣ የጤና ቁጥጥሩም ይለያያል።

አማርኛ ለዚህ ድሃ ሆኖ አይደለም። ፈረንሳይኛው «ዴሼ» የመጣው መውደቅን ከሚያመለክት ግስ ነው፤ እኛም «ውዳቂ» አለን። ጥራጊ፣ ትራፊ፣ ፍርፋሪ፣ አተላ፣ ዝቃጭ፣ ቁርጥራጭ እያልን እያንዳንዱን ለይተን እንጠራለን። «ቁርጥራጭ ብረት» የሚል ነጋዴ ስለ ሸቀጥ ነው የሚናገረው፤ «ቆሻሻ» ካልነው ግን የሚጸየፉት ነገር ይሆናል። የአዋጁ ዓላማ ሀብት መፍጠር ከሆነ፣ ሀብትን የሚያመለክቱት ቃላት በገበያው አፍ ሲሠራባቸው ኖረዋል።

ይህን ስል የቃላት ውበት አምሮኝ አይደለም። የሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ በአንድ ግቢ የጓሮ በር ጥግ የምትቆም ጆንያ አስቡ፦ የሃይላንድ ጠርሙሶች አየራቸው ወጥቶ ተጨምድደው፣ የዘይት ጀሪካን ላዩ ላይ፣ የቲማቲም ጣሳ በጎን። ቆራሌው ሲጣራ የግቢዋ እናት ታወጣለች፣ ይከራከራሉ፣ ይስማማሉ። አዋጁ ያዘዘው መለየት እዚህ ግቢ የሚፈጸመው በዚህ መንገድ ነው፤ የሚፈጽሙት ሁለቱ ሰዎች ግን በጽሑፉ ውስጥ የሉም። «የቤተሰብ ኃላፊ» የተባለው አብዛኛውን ጊዜ ጆንያውን የማያውቀው አባወራ ነው። ቆራሌው ደግሞ በሕጉ ፊት ከከተማው አስተዳደር ፈቃድ ሳያወጣ የሚሰበስብ ሰው ሆኖ ይታያል። አዲስ አበባ እስካለው የቁርጥራጭ ገበያ፣ እስከ ምናለሽ ተራ ድረስ የሚዘልቀው የንግድ ሰንሰለት በእሱ ትከሻ ላይ የቆመ ነው።

የፓሪስ ታሪክ እዚህ ይጠቅማል። የሴን አውራጃ አስተዳዳሪ ዩጂን ፑቤል በ1883 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የፓሪስ ቤቶች የሚበሰብሰውን፣ ወረቀትና ጨርቁን፣ ሸክላና ጠርሙሱን በተለያየ ዕቃ እንዲያስቀምጡ አዘዘ። ስሙ ዛሬ በፈረንሳይኛ የቆሻሻ ገንዳ መጠሪያ ነው። ከቆሻሻ ላይ ጨርቅና ብረት እየለቀሙ የሚኖሩት ሰዎች ግን በትእዛዙ ስላልታሰቡ ክፉኛ ተቃወሙ፤ ከወራት በኋላም ገንዳውን ሸራ ላይ ዘርግፈው እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው። ለቃሚውን የረሳ ደንብ ተመልሶ ሊያስታውሰው ተገዷል።

ወደ አዋጁ ስንመለስ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስም የራሱ አንቀጽ የለውም። ይህንን አጥብቄ አልወቅስም፤ የታሸገ ውኃ ገበያ እንደ ዛሬው ከመስፋፋቱ በፊት የተጻፈ ነውና።

ፍርዴ ይህ ነው፦ አዋጅ ቁጥር 513/1999 በአሳቡ ደፋር፣ በአደረጃጀቱ የታረመ፣ በቃላት ምርጫው ግን ለሠራተኛው ጆሮ ያልሰጠ ሥራ ነው። የአዲሱን አዋጅ ማስፈጸሚያ ደንቦች የሚያረቅቁ ሁሉ፣ በተለይም ቃላቱ ወደ ሲዳምኛ በሚሻገሩባት በሐዋሳ ያሉት፣ መለየትን ከትርጓሜው እንዲያስገቡ፣ ዳግም መጠቀምንና ለሌላ ዕቃ ግብዓት ማድረግን በሁለት ስም እንዲጠሩ፣ ቆራሌውንም በስሙ በሕጉ ውስጥ እንዲጽፉት እጠይቃለሁ።