ሰማያዊ ዓይን የተመኘች ልጅ

አፍሪካ አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመችው «ዘ ብሉዬስት አይ» የተሰኘው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በሎሬን ከተማ የምትኖር የ11 ዓመት ጥቁር ልጅ ታሪክ ነው። ፔኮላ መልከ ጥፉ እየተባለች ስላደገች ሰማያዊ ዓይን እንዲሰጣት በየሌሊቱ ትጸልያለች። ዓይኗ ቢለወጥ የወላጆቿም ጠብ የሚበርድ ይመስላታል።

የድርሰቱ ዐቢይ ቁም ነገር ምኞቱ ከልጅቷ ልብ ብቻ የመነጨ አለመሆኑን ማሳየቱ ነው። ወተት የምትጠጣበት ኩባያ የነጯ ሕፃን ተዋናይ የሸርሊ ቴምፕል ሥዕል አለበት። እናቷ ፖሊን ውበትን የተማረችው ከሲኒማ ቤት ነው፤ የአሳዳሪዎቿን የነጮቹን ልጅ ታባብላለች፣ የራሷን ግን ትመታለች። ገበያው የሸጠውን መለኪያ እናት ለልጇ ታወርሳለች።

ተራኪዋ ክላውዲያ ግን ለገና የተሰጣትን ባለ ሰማያዊ ዓይን አሻንጉሊት ገነጣጥላ፣ ውበት የተባለው ነገር የት እንዳለ ትፈልጋለች። የመጽሐፉ ብርታት እዚህ ላይ ነው። ጉድለቱ፣ ፔኮላ በገዛ አባቷ ተደፍራ አእምሮዋን እስክትስት ድረስ በራሷ አንደበት እምብዛም አለመናገሯ ነው፤ እናዝንላታለን እንጂ በቅጡ አናውቃትም።

ቅላትንና ሰልካካ አፍንጫን ስናወድስ የኖርን የእኛ ገጣሚዎችስ ከዚህ ነፃ ነን ለማለት እንደፍራለን? ግጥማችንን በቃሏ የምታጠና ተማሪ መልኳን በየትኛው ስንኝ ታገኘዋለች? መምህራንና ከያንያን የክላውዲያን ጥያቄ ለገዛ ሥራችን ልናቀርብ ይገባናል።