የጠፈር ነጋዴ አደራ አይቀበልም

ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ የሜትሮ መስመር የተሳፈረ ሰው፣ ባቡሩ ዋሽንግተንን አቋርጦ እንደገና ወደ ሜሪላንድ ሲታጠፍ ቤተስዳን አልፎ ሮክቪል ይደርሳል። ስሙን ከቤተስዳ የወሰደው የጌም ኩባንያ ዛሬ ያለው ሮክቪል ነው። «ስታርፊልድ» የተሰኘውን የጠፈር ጌሙን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 ሲያወጣ ከአንድ ሺህ በላይ ፕላኔቶች እንዳሉት ተነግሮ ነበር። ብዙ ተጫዋች ግን ከፕላኔቶቹ ይልቅ ያወራው ስለ ኪሎ ነው፦ ዕቃውን የት ላድርገው፣ ምኑን ልጣል፣ መርከቡ ለምን ቶሎ ሞላ። ሻንጣ አስሮ የሚያውቅ ሐበሻ ይህ ወሬ አይጠፋውም።

ስታርፊልድ ክብደትን በትጋት ጽፎታል። ተጫዋቹ ሲጀምር በአካሉ መያዝ የሚችለው 135 ኪሎ ነው። ከዚያ ካለፈ መንገዱ ይከብደዋል፤ በተራመደ ቁጥር ኦክስጅኑ ይቀንሳል፣ የተቃጠለው አየር ይጠራቀማል፣ ቀጥሎ ጤናው መጎዳት ይጀምራል። ካርታው ላይ ነክቶ ሩቅ ቦታ ዘሎ መድረስም ይከለከላል፤ በእግሩ ይሄዳታል። የመጀመሪያ መርከቡ «ፍሮንቲየር» የምትይዘው 450 ነው። ተጨማሪ የጭነት ክፍል መግጠም ይቻላል፤ ነገር ግን ክፍሉም ክብደት አለው፣ መርከቧ እንደ ልብ መታጠፍ ያቅታታል፣ በአንድ ዝላይ የምትደርስበት ርቀት ያጥራል። ገጸ ባሕርያቱ ከሚያወሩት ብዙ ንግግር ይልቅ ይህች የትንፋሽ ማጠር ስለ ሰው አቅም ትናገራለች። የጌሙ ጥሩ ድርሰት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል የተባሉ ሁለት የኬምብሪጅ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 «ኤሊት»ን ሲያወጡ፣ ነጋዴው በ100 ክሬዲትና 20 ቶን በምትይዝ መርከብ ይጀምር ነበር፤ ገንዘብ ሲያገኝ ወደ 35 ቶን ያሰፋታል። ጌሙ መጀመሪያ የተሠራለት ኮምፒውተር፣ ቢቢሲ ማይክሮ፣ የነበረው ሜሞሪ 32 ኪሎባይት ብቻ ነው። ስለዚህ ሠሪዎቹም እንደ ነጋዴያቸው ምን ልያዝ፣ ምን ልተው እያሉ ነው የጻፉት። ኤሊት ውስጥ አንዲት ደስ የምትል ሕግ አለች፦ ምግብና ጨርቅ በቶን ሲቆጠሩ ወርቅ በኪሎ፣ የከበረ ድንጋይ በግራም ይቆጠራል፤ በኪሎና በግራም የተቆጠረው ከ20ው ቶን ላይ አይቀነስም። ወርቋን በአንገቷና በእጇ አድርጋ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የምትሳፈር እናት ይህን ሕግ ማንም ሳያስተምራት ታውቀዋለች።

ስታርፊልድ የሚደክመው ከዚህ በኋላ ነው። ጭነቱ ሲሞላ ተጫዋቹ የሚሠራው ሒሳብ አንድ ብቻ ነው፦ ዋጋን ለክብደት ማካፈል። ብዙ ክሬዲት የሚያወጣ ቀላል ዕቃ ይቀራል፣ ርካሹና ከባዱ ይወረወራል። የቡና ስኒ፣ እርሳስ፣ የቢሮ ማኅደር ሳይቀር ከየጠረጴዛው ላይ ይነሣል፤ ከነዚህ አንዱን እንኳ የሚጠብቅ ሰው ግን የለም። ይህችም ሒሳብ ብትሆን አትጸናም። «ሎጅ» በተባለው የአሳሾች ማደሪያ ውስጥ ምን ያህል ቢጨመርበት የማይሞላ ሣጥን ተቀምጧል። በሜይ 2024 የወጣው ማሻሻያ ደግሞ የመሸከም አቅምን ራሱን ተጫዋቹ እንዳሻው የሚያስተካክለው ነገር አደረገው። ለተጫዋቹ ምቾት ታስቦ ነው፤ ለድርሰቱ ግን፣ የልብ ወለድ ባለታሪክ ድህነቱ ሲሰለቸው ከመጽሐፉ ሽፋን ሥር ብር መዞ እንዲያወጣ የመፍቀድ ያህል ነው።

አሌክሳንድሪያ ካሉት አፓርታማዎች በአንዱ ወለል ላይ የተዘረጋ ሻንጣ የሚገዛው በሌላ ሒሳብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የሚፈቅደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው፤ የስታርፊልድ ጀማሪ በአካሉ ከሚሸከመው አንድ ሦስተኛ ገደማ መሆኑ ነው። የጉዞው ወሬ ከተሰማ ስልክ አያርፍም። ከሲልቨር ስፕሪንግ በቤልትዌይ ፖቶማክን ተሻግሮ የሚመጣ ዘመድ «ትንሽ ነገር ናት» እያለ ነው የሚመጣው። ትንሿ ነገር ለአክስት የደም ግፊት መለኪያ፣ ለእህት ልጅ ስኒከር፣ ስም ተጽፎበት በፕላስተር የተጠቀለለ ቪታሚን ናት፤ አንዳንዴም ውስጧ ምን እንዳለ ለመጠየቅ ይሉኝታ የሚይዝባት ፌስታል። ሻንጣው ሚዛን ላይ ሲወጣ 25 ይላል። ማን ይውጣ? እንደ ጌሙ ቢሆን ርካሹና ከባዱ መውጣት ነበረበት። እዚህ ቤት ግን የሚወጣው የተጓዡ የራሱ ጫማ ነው፤ ቪታሚኑ ይሄዳል። አዲስ አበባ ገበያ ላይ ምን ያህል እንደሚያወጣ ያሰበ ማንም የለም፣ ቦሌ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ግን አለ።

ማታ ስታርፊልድ ላይ ዕቃ ሲወረውር ያመሸ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ፣ በማግሥቱ የእናቱን ሻንጣ ሚዛን ላይ የሚያወጣው እርሱ ይሆናል። ሁለቱ ሒሳቦች እንደማይገናኙ ሳያውቀው አይቀርም። ከቤቱ በባቡር የሚደረስበት ስቱዲዮ የሠራው ዓለም ግን አንደኛዋን ብቻ ነው የሚያውቃት።

ለጌሙ ጥብቅና የሚቆም ሰው የጭነት ማድረስ ሥራዎችን ይጠቅስ ይሆናል። እውነት ነው፤ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሌላ ሰው ጭነት ተቀብሎ ማድረስ ይቻላል፣ ጭነቱም የመርከቧን ቦታ ይይዛል። ነገር ግን ባለቤቱ አይታይም፣ ክፍያው ቀድሞ ተጽፏል፣ ዕቃው እንደተራገፈ ነገሩ አበቃ። ይህ የጭነት መኪና ኪራይ ነው። አማርኛ ሰው ለሚሸከመው ነገር ጭነት፣ ጓዝ፣ ስንቅ፣ አደራ እያለ ስሙን ይለያያል፤ ጌሙ ከመጀመሪያው አላለፈም። አደራ ክፍያ የለውም። ሲጠፋም በገንዘብ አይተካም፤ የጠፋበት ሰው እጥፉን ቢከፍል እንኳ በየለቅሶውና በየሰርጉ ስሙ ይነሣል። ለአንድ ዓለም ሁሉ የሚሆን ተልእኮ የጻፈ ስቱዲዮ እንዲህ ያለች አንዲት ፌስታል፣ ክፍያ የሌላት፣ የተቀባይዋ ስም ብቻ የተጻፈባት፣ መርከቡ ውስጥ ብትቀመጥ ኖሮ ተጫዋቹ የሚጥለውን ሲመርጥ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነጋዴን በሌላ ዓይን ያየ ድርሰት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ በተለምዶ «ጦቢያ» የሚባለው ልብ ወለድ ታሪክ ሴራው የሚንቀሳቀሰው በአንድ ነጋዴ ነው። ዋሕድ የተማረከ አባቱን የሚያስለቅቅበት ሲያጣ፣ የማያውቀው ነጋዴ አዝኖለት ገንዘቡን ይሰጠዋል። ውል የለ፣ ወለድ የለ። አባቱ ነጻ ከወጣ በኋላ ዋሕድ ያን ደግ ሰው ፍለጋ ይወጣል፤ በፍለጋው መሀል ራሱ ተይዞ ባሪያ ይሆናል። ጦቢያና አባቷ እርሱን ብለው አገር ለአገር የሚንከራተቱት ከዚህ የተነሣ ነው። ማዕረጋቸው የነጋዴ አለቃ ማለት የሆነው ደራሲ ነጋዴውን ትርፍ ቢያስቆጥሩት ኖሮ ታሪኩ ገና ሳይጀመር ባለቀ። በኤሊትም ሆነ በስታርፊልድ ገንዘቡን ለማያውቀው ሰው ሰጥቶ የሄደ ነጋዴ ጌሙን የማይችል ተጫዋች ይባላል።

ፍተሻም አለ። ስታርፊልድ ውስጥ መርከብ ሕግ ወዳለበት ፕላኔት ስትጠጋ ትፈተሻለች፤ ኮንትሮባንድ የጫነ ሰው ጋሻ ያለው የጭነት ክፍል ገጥሞ ለማለፍ ይሞክራል። ከጌሙ ሁሉ ሐበሻን የሚያስቀው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ የመልሱን ጉዞ ያስታውሳላ! ያው ሻንጣ አሁን በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎና ነጠላ ይዟል። ሥጋ ማስገባት ስለማይፈቀድ ቋንጣው ደለስ ላይ ይቀራል። በጌሙ የተወረሰ ዕቃ ኪሳራ ነው፤ ተጫዋቹ ቁጥሩን አይቶ ወደ ቀጣዩ ኮከብ ይሄዳል። ደለስ ላይ ቋንጣ የተወረሰበት ልጅ ግን ቤት ገብቶ ስልክ መደወል አለበት። እናት ሌላውን ሁሉ ጠይቃ ስታበቃ «ቋንጣውስ? ደረቀብህ እንዴ?» ትላለች።

«ኧረ እማዬ፣ ሲጣፍጥ!»