የድሮው ብረት፣ የዛሬው ሴንሰር

ከሰዓት በኋላ ጋራዣችን ደጃፍ የሚሰበሰቡት መኪና ወዳዶች በብዙ ነገር ይጨቃጨቃሉ፤ በአንዱ ግን ይስማማሉ፦ «የዛሬ መኪና መኪና አይደለም!» ዲኤክስ ኮሮላ ይመሰገናል፣ የድሮው ላንድክሩዘር ይወደሳል፣ ቪትዝ «ፕላስቲክ» ተብላ ትታለፋለች። አዲሶቹ የቻይና መኪኖችማ ገና ሳይፈተሹ ተፈርዶባቸዋል። እኔ እዚሁ ጎንደር የድሮውንም አዲሱንም ስፈታና ስገጥም የምውል መካኒክ ነኝ። ወዳጆቼ የሚያማርሩት በከንቱ አይደለም፤ ጥፋቱን የጫኑት ግን ጥፋተኛ ባልሆነው ላይ ነው።

የድሮው ክብር ይገባዋል። ከደባርቅ በሳንቃበር አድርጎ ወደ ጨነቅ የሚወጣው ባለ 1ኤችዜድ ላንድክሩዘር ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ነው፤ ናፍጣውን የሚገፋው ሜካኒካል ፖምፓ ነው። ሞተሩን የሚያዝ ኮምፒውተር የለበትም። ንጹሕ ናፍጣና አየር ካገኘ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ቢቆም ኪያቤና ፒንሳ የያዘ ጎበዝ ረዳት ያስነሳዋል። መንገድ ተዘግቶ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ዕቃ መምጣት ባቆመ ሰሞን ከቆመ መኪና ነቅለን፣ ቶርኖ ቤት አስቀርጸን ሥራ ላይ ያቆየናቸው እነዚህን ነው።

ዳገት ላይ ግን ፍርዱ ይቀየራል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ደባርቅ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ሳስቷል። ካርቡሬተር ይህን አያውቅም፤ ለሳሳው አየርም ቤንዚኑን አብዝቶ ይሰጣል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ የተመሰገነችው ዲኤክስ ዳባት ሳትደርስ ታቃስታለች። የቪትዝ ሴንሰር ግን አየሩን ለክቶ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ቤንዚኑን ይቀንሳል። ጉልበት መቀነሱ ለሁለቱም አይቀርም፤ ነዳጅ የምታባክነው ግን አንደኛዋ ብቻ ናት።

«የድሮ መኪና ግንብ ቢመታ የሚፈርሰው ግንቡ ነው» የሚሉም አሉ። የአዲሱ መኪና ፊት የሚጨማደደው ግን እንዲጨማደድ ታስቦ ስለተሠራ ነው፤ የምቱን ኃይል እሱ ይውጠዋል። ካልተጨማደደ ያ ኃይል የሚያርፈው ሾፌሩ ደረት ላይ ነው። ላሜራ ተቀጥቅጦ ይስተካከላል፤ ደረት መለዋወጫ የለውም።

ታዲያ አዲሱ መኪና ለምን ይጠላል? አንዱን ምክንያት በቴርሞስታት ላሳይ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚያግድ ትንሽ ቫልቭ ነው። መኪና ሲያፈላ እሱን ነቅሎ መጣል በየጋራዡ የተለመደ መላ ነው።

«ልጄ፣ ያቺን ነገር አውጣልኝና ልሂድ» አሉኝ አንድ የደባርቅ ደንበኛዬ፣ ቪትዛቸው ብታስቸግራቸው።

«ጋሼ፣ ከወጣ ቤንዚን ትጨርስብዎታለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በደባርቅ ብርድ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በወጉ አይሞቅም። ሴንሰሩ «ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ያመለክታል፤ ኮምፒውተሩም ጠዋት ሲነሳ እንደሚያደርገው ቤንዚን ይጨምራል፣ ቀኑን ሙሉ። ሁለቱም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ የሚታማው ግን «አዲስ መኪና ነዳጅ ይበላል» ተብሎ መኪናው ነው። የጋሼ መኪና በሽታ የተገኘው ራዲያተሩ ክዳን ላይ ነበር። በደባርቅ ከፍታ በክፍት ዕቃ ያለ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ራዲያተር ውስጥ ግን ክዳኑ ግፊቱን ስለሚይዘው ከዚያ በላይ ይችላል። የክዳኑ ላስቲክ አልቆ ግፊቱን ይለቅ ነበር። ክዳኑ ተቀየረ፣ ቴርሞስታቱም በቦታው ቀረ።

የናፍጣውም ነገር እንዲሁ ነው። የአዲሶቹ ሃይሉክሶች ኢንጀክተር ከ1,300 ባር በሚበልጥ ግፊት የሚረጭ፣ ቀዳዳው በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ነው። ከጀሪካን የተቀዳ፣ ውሃና አቧራ የገባበት ናፍጣ የድሮውን ሞተር አስነጥሶት ያልፋል፤ ይሄኛውን ይገድለዋል። ጠንካራ ነው ደካማ ነው ከማለት በፊት ምን እንዳጠጣነው መጠየቅ ነበረብን።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለ ክርክሩ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፤ ደባርቅ ላይም ጉልበቱ ያው ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ በሠራው የሊማሊሞ ቁልቁለት ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪውን ደባርቅ ላይ ጢም አድርጎ ሞልቶ የወረደ ሾፌር ግን ይህን አያገኝም፤ መሄጃ ያጣው ኃይል ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ይህን ለገዢው ማን ይነግረዋል? መብራት ሄዶ በሚቀርበት የወረዳ ከተማስ ማን ይሞላለታል?

እኔ በመኪና አምራቾች ላይ ያለኝ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። ብረቱ መሳሳቱ አያስከፋኝም፤ የሚያስከፋኝ ዕውቀቱ መቆለፉ ነው። ካምቢዮው የዘይት መለኪያ የለውም። ኮምፒውተሩ የአምራቹ ሶፍትዌር ካልተገኘ አንዳንዱን ብልሽት አይናገርም። አንዲት ትንሽ ዕቃ ስትበላሽ ሙሉው ክፍል ይቀየር ይባላል። ይህ የጎንደር መካኒክ ብቻ እሮሮ አይደለም፤ የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ሕዝብ በ2012 እ.ኤ.አ. ድምፅ ሰጥቶ አምራቾች የጥገና መረጃውን ለመኪና ባለቤቶችና ለግል ጋራዦች እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ አስወጥቷል። ለእኛም ያስፈልገናል።

ስለዚህ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀለሙንና ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ኮምፒውተሩን የሚያነብ መሣሪያ ጎንደር ውስጥ ማን ጋ አለ? ካምቢዮው የሚፈልገው ዘይት የትኛው ነው፣ የትስ ይገኛል? ዕቃው ቢሰበር ስንት ቀን እቆማለሁ? ሻጩ መልስ ከሌለው አትግዙ። አስመጪዎችም መኪናውን ስታመጡ የጥገና መጽሐፉንና የመመርመሪያ መሣሪያውን አብራችሁ አምጡ፤ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ተማሪውን ከካርቡሬተሩ ጎን ሴንሰርና ባትሪ አስፈቱት። መጠገን የማይቻል መኪና አዲስም ቢሆን ለዚህ አገር አይበጅም።