«ጥቁር አፈር» ወይስ «የአመድ አፈር»?

ለአስተያየት በደረሰን አንድ የአፈር ሳይንስ ቃላት ረቂቅ ውስጥ «አንዶሶል» የተባለው ስያሜ በአንድ ገጽ «ጥቁር አፈር»፣ በሌላው ደግሞ «የአመድ አፈር» ተብሎ አግኝተነዋል። ሁለቱንም ለመቀበል ተቸግረናል።

የመጀመሪያው ሥርወ ቃሉን ጠብቋል፤ በጃፓንኛ «አን» ጨለማ ወይም ጥቁር፣ «ዶ» አፈር ማለት ነውና። ይሁን እንጂ ገበሬያችን ጥቁር አፈር ሲል በክረምት የሚጣበቀውን፣ በበጋ የሚሰነጣጠቀውን ዋልካ ማለቱ ነው። አንዶሶል ግን ቀላልና ልል ነው። ትርጉሙ ለቃሉ ታምኖ ለነገሩ ባዕድ ሆኗል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስታል። አመድ ከተቃጠለ እንጨት የሚተርፍ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ግን የደቀቀ ድንጋይና ብርጭቆ ነው። በአሜሪካ፣ በኦሪገን ግዛት፣ ከ7,700 ዓመታት ገደማ በፊት የማዛማ ተራራ ፈንድቶ ያዘነበው ትቢያና ፑሚስ ዛሬ በብርዳማ ተራሮች ላይ የጥድ ዓይነት ዛፎችን ያበቀለ ጠጠራማ አፈር ሆኗል። የአገሩ ሊቃውንት በዚህ ወገን ያለውን አፈር «ቪትሪክራያንድ» ይሉታል፤ «ቪትር» ከላቲን ብርጭቆ፣ «ክራይ» ከግሪክ ብርድ ነው። ስሙ አመድን አያነሣም። «የአመድ አፈር» ብንለው አንባቢ ደን ተቃጥሎ የተገኘ ይመስለዋል።

ስለሆነም የመደቡ ስም «አንዶሶል» እንዳለ ይወሰድ፤ በፍቺው «ከእሳተ ገሞራ ትቢያ የተገኘ» ይባል። ይኸው አፈር በስምጥ ሸለቆአችንም ስለሚገኝ ስሕተቱ በመዝገበ ቃላት ብቻ አይቀርም፤ ለዋልካ የተጻፈ የውሃ ማጠንፈፊያ ምክር ውሃን በቀላሉ ለሚያሰርግ መሬት ይተላለፋል።