እጅን የማንሳት ጥበብ

እንቁላል የታቀፈች ዶሮን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሥራዋ መቀመጥ ብቻ እንዳልሆነ ያውቃል። ታሞቃለች፤ በመንቁሯ እያንከባለለች ትገለብጣለች፤ ለአፍታ ወርዳ ጥሬ ለቅማ እንቁላሎቹ ሳይቀዘቅዙ ትመለሳለች። 21ኛው ቀን ሲደርስ ግን ቅርፊቱን ከውስጥ የሚሰብረው ጫጩቱ ራሱ ነው።

ጀማሪ ኩባንያዎችን የሚያሳድጉ ማዕከላት ኢንኩቤተር፣ ማለትም የእንቁላል ማስፈልፈያ፣ መባላቸው ከእውነተኛ ጫጩቶች ጋር የተያያዘ ነው። በኒውዮርክ ግዛት ባታቪያ በምትባል ትንሽ ከተማ ማሲ ሃሪስ የተባለው ኩባንያ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካውን ዘግቶ ሲወጣ፣ ብዙ ሠራተኛ ሜዳ ላይ ቀረ። ወደ 79,000 ካሬ ሜትር የሚሰፋውን ባዶ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1959 የማንኩሶ ቤተሰብ ገዛው። ኃላፊነቱን የወሰደው ጆሴፍ ማንኩሶ ሁሉንም የሚከራይ አንድ ትልቅ ድርጅት ፈለገ፤ አጣ። ከዚያ በኋላ ሕንፃውን ከፋፍሎ ለትናንሽ ድርጅቶች ማከራየት ጀመረ። ከቀደሙት ተከራዮች አንዱ ጫጩት አስፈልፋይ ነበርና ማንኩሶ ቦታውን በቀልድ ኢንኩቤተር አለው። ስሙም በዚያው ጸና።

እኔን የሚያስደንቀኝ የአሠራሩ ልክ ነው። የኪራይ ውሉ አጭር ነበር፤ የሚቀጥለው ወር ምን እንደሚያመጣ ለማያውቅ ጀማሪ የአምስት ዓመት ውል ሸክም ነውና። ክፍሉ እንደ ተከራዩ አቅም ጠባብ ነበር፤ ሥራው ሲሰፋ የጎኑ ይጨመርለት ነበር። የጽሕፈት አገልግሎቱና የቢሮ ዕቃው የጋራ ነበር፤ አንዱ ብቻውን የማይችለውን ወጪ ብዙዎች ሲካፈሉት ይቀላል። በዚያ ላይ ማንኩሶ ይመክር ነበር፤ ገንዘብ ሲቸግርም አበዳሪ ያፈላልግ ነበር። እያንዳንዱ ነገር ለብቻው ሲታይ ተራ ነው። ሙያው ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በሚያስፈልገው ሰዓትና በሚያስፈልገው መጠን ማዋሉ ላይ ነው።

የማስፈልፈያ ማሽን ያለው ባለሙያ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። እንቁላሉ በቀን ደጋግሞ ይገለበጣል፤ 18ኛው ቀን ላይ ግን መገልበጡ ይቆማል። ጫጩቱ ለመውጣት በራሱ መንገድ የሚዘጋጅበት ጊዜ ስለሆነ፣ እስከዚያ ቀን ያዳነው እጅ ከዚያ በኋላ ይጎዳዋል።

ጥሩ ማዕከልም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አማካሪው በየሳምንቱ ይጠይቃል፦ «ደንበኛህን አነጋገርከው? ምን አለህ? በዚህ ዋጋ ይገዛሃል?» ጀማሪው መልስ ሲያጣ አማካሪው አይመልስለትም፤ ወደ ገበያው መልሶ ይልከዋል። ወራት እያለፉ ሲሄዱ ጥያቄው ይቀንሳል፤ ድርጅቱ የራሱን ሒሳብ ራሱ ይሠራል፤ የመውጫ ቀኑም አስቀድሞ የታወቀ ነው። መውጫ የሌለው ማዕከል ግን ቤት አከራይ እንጂ ሌላ አይደለም።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው አይስአዲስና ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን የመሠረቱት ብሉሙን ይህን ሙያ ከጀመሩት መካከል ናቸው። ዛሬ ተመሳሳይ ማዕከል ለመክፈት የሚነሣ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ባለሀብት ሲያጋጥመኝ ደስ ይለኛል። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ስኬታችሁን በጠረጴዛና በኮምፒውተር ብዛት፣ ወይም ውስጥ ባሉት ድርጅቶች ቁጥር አትለኩት። ወጥተው ያለ እናንተ የቆሙትን ቁጠሩ።