አንድ ሺሕ ብር፤ በመኪና አደጋ ስለሚጠየቅ ካሣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ላይ የቀረበ ሂስ

አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ብለዋል። የካሣ ሕግ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ አነጋገር ላይ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። የወጋው እንዳይረሳ የሚያደርግ፥ የተወጋውም ቂሙን ትቶ ወደ ኑሮው እንዲመለስ የሚረዳ አንድ ሥርዓት ያስፈልጋልና ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው በመኪና ተገጭቶ የተጎዳ ሰው ካሣ ለማግኘት ሕጋችን የከፈተለት መንገድ ምን ያህል ቀና እንደ ሆነ፥ የት ላይስ እንደሚሰናከል ነው። ጸሐፊው ገና ተማሪ እንጂ ዳኛ ወይም ጠበቃ አይደለም፤ ስለዚህ የሚሳሳትበት ቦታ ቢኖር አንባቢው በቅን መንፈስ እንዲያርመው ይለምናል።

ነገሩን እንድመረምር ያደረገኝን ምክንያት አስቀድሜ ልናገር። በ2012 ዓ.ም. በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፥ ከቤታችን አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሸክም በማውረድና በመጫን የሚተዳደሩ ጎረቤታችን መንገድ ሲሻገሩ የጭነት መኪና ገጭቷቸው ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። የትራፊክ ፖሊስ ባነሣው ፕላን ላይ እርሳቸውም ሳይጠነቀቁ መሻገራቸው ተጽፎ ነበርና፥ ሰው ሁሉ «ጥፋቱ የእርስዎ ስለሆነ ካሣ የለዎትም» አላቸው። ባለመኪናው ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሽማግሌ ላከ፥ የሐኪም ቤቱን ወጪ ከፈለ፥ ለማቋቋሚያም ጥቂት ገንዘብ ጨመረ። እርሳቸውም «ከእንግዲህ ወዲህ ምንም ዓይነት ክስ አላቀርብም» በሚል ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ያ ገንዘብ ዓመት አልሞላም። ከእኔ ጋራ በአንድ ክፍል ይማር የነበረው ልጃቸው ትምህርቱን አቋርጦ በአባቱ ፈንታ ሸክም ጀመረ።

እኔም ወደ ኮሌጅ ገብቼ የፍትሐ ብሔር ሕጉን በገለጥሁ ጊዜ፥ ለኒያ ሰው የተነገራቸው ምክር ከሕጉ ጋራ የማይስማማ መሆኑን አየሁ። ሂሴም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የታወጀው በ1952 ዓ.ም. ሲሆን በሥራ ላይ የዋለው ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። ከውል ውጭ ስለሚደርስ አላፊነት የሚናገረው ክፍል ከቁጥር 2027 ይጀምራል። በዚህ ክፍል ውስጥ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት አላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ መኪናውን ይነዳ የነበረው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከአላፊነት አይድንም። የሚድነው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ያስረዳ እንደ ሆነ ነው። ከዚህም አልፎ ቁጥር 2086 ባለቤቱ «እኔ ጥፋት አልሠራሁም» ወይም «የጉዳቱ ምክንያት አልታወቀም» በማለት ሊያመልጥ እንደማይችል ያስረዳል። የተጎጂው ጥፋት ያለበት እንደ ሆነ ብቻ ካሣው እንደ ጥፋቱ መጠን ይቀነሳል፤ ጨርሶ የሚቀረው ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት ብቻ የደረሰ እንደ ሆነ ነው።

እንግዲህ ጎረቤታችን በከፊል አጥፍተው ነበር ቢባል እንኳ ካሣቸው ይቀነስ ነበር እንጂ አይጠፋም ነበር። እንደዚሁም ሾፌሩ በወንጀል ክስ ነጻ ቢወጣ የካሣ ጥያቄ አብሮ የሚሞት ለሚመስላቸው ሰዎች ቁጥር 2149 መልስ ይሰጣል፤ ካሣ የሚፈርደው ዳኛ በወንጀሉ ችሎት ነጻ መለቀቅ አይታሰርም። ሕጉ በዚህ ረገድ ሊመሰገን ይገባዋል። መኪና ያለው ሰው በመኪናው ይጠቀማልና መኪናው የሚያመጣውንም መከራ ይሸከም ማለቱ ከፍርድ ሚዛን የወጣ አይደለም።

ይሁን እንጂ ምስጋናችን እዚህ ላይ ያበቃል። ሕጉን ወደ ታች ስንወርድበት ሦስት እንቅፋቶች እናገኛለን።

የመጀመሪያው ስለ ኅሊና ጉዳት የተጻፈው ነው። በቁጥር 2113 አካሉ ለተጎዳ ሰው፥ ወይም ሞቶ እንደ ሆነ ለቤተ ሰቡ፥ ዳኛው ስለ ኅሊና ጉዳት ተገቢ ካሣ ሊፈርድ ይችላል። ቁጥር 2116 ደግሞ ይህ ካሣ እንዴት እንደሚገመት ያስረዳል። በመጀመሪያ ዳኛው የአገሩን ልማድ እንዲመለከት ያዛል። ሁለተኛም ልማዱ ጊዜው ያለፈበት ወይም ከአእምሮና ከግብረ ገብ ጋራ በግልጽ የሚጣላ እንደ ሆነ ዳኛው እንዲተወው ያዛል። ሦስተኛውና የመጨረሻው ግን ካሣው በማናቸውም ምክንያት ከአንድ ሺሕ የኢትዮጵያ ብር ሊበልጥ አይችልም ይላል።

አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ሦስት ንኡስ ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠህ ተመልከት። ሕጉ ልማድ ካረጀ ይጣል ብሎ ሲያበቃ፥ ከሥሩ ያለው የራሱ ቃል አርጅቶ ቀርቷል። ሕጉ በታወጀ ጊዜ አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ነበርና፥ አንድ ሺሕ ብር ወደ 400 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ ያዘነ ቤተ ሰብ ጥማድ በሬ ሊገዛበት ወይም ተዝካር ሊያወጣበት ይችል ነበር። የውጭ አገር ገንዘብ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን አንድ ዶላር ከመቶ ብር በላይ ስለ ሆነ፥ ያው አንድ ሺሕ ብር ዐሥር ዶላር እንኳ አይሞላም። በሕጉ ላይ የተጻፈው ፊደል አንድም አልተለወጠም፤ የተለወጠው ፊደሉ የሚገዛው ነገር ነው። ልማድ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎች በየጊዜው ያሻሽሉት ነበር። ልማድ በአፍ ስለሚኖር ከሰው ጋራ ይራመዳል፤ ቁጥር ግን በወረቀት ላይ ቆሞ ይቀራል።

ለዚህ ድንጋጌ የሚከራከር ሰው «የእናት እንባ በገንዘብ አይመዘንም፤ አንድ ሺሕ ብሩ የኀዘን ምልክት ነው እንጂ ዋጋ አይደለም» ይል ይሆናል። ይህ ክርክር ክብደት አለው። በአገራችን በቆየው የደም ካሣ ሥርዓትም ቢሆን ገንዘቡ ወይም ከብቱ የሕይወት ዋጋ ነው ተብሎ አልተቆጠረም። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ካሣው ብቻውን አልነበረም። የበዳዩ ዘመዶች በአንድነት ያዋጡታል፥ በዳዩ በተበዳዩ ወገን ፊት ይቅርታ ይለምናል፥ ሽማግሌ ይመርቃል፥ ሁለቱ ወገኖች አብረው ይበላሉ። ምልክቱ ትርጉም ያገኘው ከዚህ ሁሉ ጋራ በመሆኑ ነው። በችሎት ግን ይቅርታ የሚለምን የለም፤ የቀረው ምልክት ያ ቁጥር ብቻ ነው። ምልክቱም ከመዝገብ ቤት የመመላለሻ የአውቶቡስ ኪራይ የማይሸፍን ሲሆን ከማጽናናት ይልቅ ያዋርዳል።

ሁለተኛው እንቅፋት ካሣ ሊጠይቁ የሚችሉትን ሰዎች የሚመለከት ነው። ሰው በሞተ ጊዜ በቁጥር 2095 መሠረት ስለ ደረሰባቸው የገንዘብ ጉዳት መጠየቅ የሚችሉት የሟቹ ባል ወይም ሚስት፥ ወላጆቹና ወደ ላይ የሚቆጠሩት፥ እንዲሁም ልጆቹና ወደ ታች የሚቆጠሩት ናቸው። ወንድምና እኅት በዚህ ውስጥ አልተጠሩም። በአገራችን ግን ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ከተማ ገብቶ ሠርቶ ታናናሾቹን ማስተማሩ የተለመደ ነው። ከዚህ ኮሌጅ ተማሪዎች መካከል ስንቶቻችን በታላቆቻችን ደመወዝ እንደምንማር ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም። ያ ታላቅ ወንድም በመኪና አደጋ ቢሞት፥ ይደግፈው የነበረው ተማሪ በሕጉ ዓይን የተጎዳ አይደለም። የካሣው ሕግ የቤተ ሰብን ወሰን ያሰመረው በሌላ አገር ቤት ልክ ነው ብዬ እንድጠረጥር የሚያደርገኝ ይህ ነው።

ሦስተኛው እንቅፋት ጊዜን ይመለከታል። በቁጥር 2143 መሠረት ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት፤ ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የረዘመ እንደ ሆነ ብቻ ያ የረዘመው ጊዜ ይቆጠራል። ሁለት ዓመት ለጤነኛ ሰው ብዙ ይመስላል። እግሩ ለተቆረጠ፥ ቁስሉ ለሚያመረቅዝ፥ ከገጠር ተነሥቶ ፍርድ ቤት ለሚመላለስ ሰው ግን አጭር ነው። ብዙው ሕዝብም የወንጀሉ ክስ እስኪያልቅ ድረስ የካሣው ነገር የሚቆይ ይመስለዋል።

ከነዚህ ሦስቱ በላይ የሚያሰጋው ግን ያ የአውራ ጣት አሻራ ነው። እርቅ መልካም ነገር ነው፤ እኔም እርቅን የምነቅፍ አይደለሁም። ነገር ግን በቁጥር 3312 መሠረት በጽሑፍ የተደረገ የግልግል ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ተጎጂውም «በሕግ ምን እንደሚገባኝ ሳላውቅ ፈረምሁ» ቢል አይሰማለትም። እንግዲህ ጎረቤታችን አሻራቸውን ባሳረፉ ጊዜ፥ ሳያውቁት በራሳቸው ላይ ፈርደው ነበር ማለት ነው። ዳኛ ቢፈርድባቸው ይግባኝ ይሉ ነበር፤ በራሳቸው አሻራ ላይ ግን ይግባኝ የለም።

አንዳንድ ሰው «አሁን እኮ የሦስተኛ ወገን መድን አለ» ይለኛል። እውነት ነው፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 እያንዳንዱ ባለመኪና ይህን መድን እንዲገባ ያስገድዳል። አዋጁ ሲወጣ ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት የወሰነው ከፍተኛ መጠን ለአንድ ሰው 40,000 ብር፥ ለአስቸኳይ ሕክምና ደግሞ 2,000 ብር ነበር። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ሳይታወቅ ቢቀርም ለተጎጂው የሚደርስ የመድን ፈንድ አቁሟል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የመድን ገንዘብ ለተጎጂው የመጀመሪያ ድጋፍ ነው እንጂ የካሣው ሁሉ መጨረሻ አይደለም። በቁጥር 2091 ካሣ ከደረሰው ጉዳት ጋራ እኩል መሆን አለበት፤ ይህም የባለመኪናው አላፊነት ነው። አርባ ሺሑን ተቀብሎ «ነገሩ አለቀ» የሚል ሰው መብቱን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። እዚህም ቢሆን ቁጥር በየጊዜው ካልታረመ የአንድ ሺሑ ብር ዕጣ እንደሚደርሰው ማሰብ ይገባል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የማቀርበው ሐሳብ ከሕጉ ከራሱ የተገኘ ነው። በቁጥር 2102 የገንዘብ ጉዳቱ ልክ በትክክል ሊታወቅ ያልቻለ እንደ ሆነ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ሥልጣን ተሰጥቶታል። የደመወዝ ወረቀት የሌለው ሸክም አውራጅ፥ ጉልት ላይ የምትነግድ እናት፥ ገበሬውም የሚድኑት በዚህ ቁጥር ነው። ሕጉ ዳኛውን በገንዘብ ጉዳት ረገድ ይህን ያህል ካመነው፥ በኅሊና ጉዳት ረገድ እጁን በአንድ ሺሕ ብር የሚያስርበት ምክንያት አይታየኝም። ሦስተኛው ንኡስ ቁጥር ቢሠረዝ፥ ከላይ ያሉት ሁለቱ ብቻቸውን ይበቃሉ፤ የአገሩን ልማድ ተመልከት፥ ያረጀውን ተው። የቁጥር 2095 ዝርዝርም ሟቹ በእርግጥ ይረዳቸው ለነበሩ ወንድሞችና እኅቶች ቢሰፋ፥ የግልግል ውልም አካሉ በተጎዳ ሰው ላይ የሚጸናው መብቱ በዳኛ ወይም በሕግ አዋቂ ከተነገረው በኋላ ቢሆን መልካም ነው።

ሕግ እስኪሻሻል ድረስ ግን እኛም የምንሠራው ሥራ አለ። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በደሀ ደንብ ሊከስ እንደሚችል፥ የሁለት ዓመቱ ይርጋ መቼ እንደሚጀምር፥ ባለመኪናው ባያጠፋም አላፊ መሆኑን ለማስረዳት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፤ ማንበብ ብቻ ይበቃል። ለክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ ከመካከላችን አንዱ፥ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፥ ወረቀቱ ወደ ተጎጂው ከመዘርጋቱ በፊት «አባቴ፥ ጥቂት ይቆዩ፤ መጀመሪያ ላንብብልዎ» ቢል፥ አንድ ልጅ በትምህርት ቤቱ ይቀር ነበር። በ2012 ዓ.ም. እኔ ይህን ለማለት አላወቅሁም ነበር።