ዱር ቤቴ ያሉ ሰዎች ትዝታና የልብወለዳችን ዕዳ

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሜዳው እንዲሁ የሚቀጥል መስሎት ሲሄድ ምድሩ ድንገት ያልቅና ከእግሩ ሥር ገደል ይከፈታል፤ ከታች ጉም፣ ከጉሙ ማዶ የአፋር ቆላ። ደጋው ላይ ጋቢ የተከናነበ መንገደኛ አልዩ አምባ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ውሃውንና መሸሸጊያውን የማያውቅ ሰው ብዙ አይቆይም። የሚያውቀው ግን ዓመታት ሊኖርበት ይችላል፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የሸዋ አርበኞች ኖረውበታል።

የአማርኛ ልብወለድ ከዚህ ኑሮ ምን ወሰደ?

በሌላው ዓለም ሰው ከተፈጥሮና ከሞት ጋር ታግሎ ስለመትረፉ የሚተርኩ ልብወለዶች ብዙ ጊዜ መነሻቸው በአካል የደረሰ ነገር ነው። ደራሲው ጃክ ለንደን በ1897 እ.ኤ.አ. ወርቅ ፍለጋ ወደ ክሎንዳይክ ሄዶ ያተረፈው ድድ የሚያደማ በሽታ ነበር፤ ያ ክረምት ግን ለኋላ ታሪኮቹ ስንቅ ሆነው። የእኛ ሰው ዱር የሚገባው ለጀብዱ ወይም ለወርቅ ሳይሆን ተገፍቶ ነው፣ ጠላት አገሩን ሲይዝበት ነው። ስለዚህ ከዱር ይዞት የሚመለሰው ትዝታ ከግል ገጠመኝነት አልፎ የአገር ጉዳይ ይሆናል። ጸሐፊዎቻችንን የከበዳቸውም ይኸው ይመስላል፤ ታላቁን ታሪክ ለመዘከር ሲጣደፉ ትንሿ የዕለት ኑሮ ትረሳለች።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን እንውሰድ። በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው የዓድዋን ዘመቻ አይተው፣ ከዚያ ሩሲያ ድረስ ሄደው የተማሩ ሰው ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው በመጽሐፍ የታተመው ከሞቱ በኋላ ነው። ልጃቸው ግርማቸው ግን ከዚያ በፊት፣ በ1941 ዓ.ም.፣ «አርአያ» የተሰኘውን ልብወለድ አሳተመ። ባሕር ተሻግሮ እርሻ የሚማረው፣ ወደ አገሩ ተመልሶ የሚለፋው፣ ወረራው ሲመጣ ከአርበኞች ጋር የሚሰለፈው ዋና ገጸ ባሕርይ ብዙ ነገሩ አባትየውን ያስታውሳል። በእኔ ግምት መጽሐፉ ስለ ሥልጣኔ ሲከራከር ብርቱ ነው፤ ዱሩ ግን ለክርክሩ መድረክ ከመሆን ብዙም አላለፈም።

ሐዲስ ዓለማየሁም በሽሬ ግንባር ተዋግተዋል፣ ከራስ እምሩ ጋር ተጉዘዋል፣ ተማርከውም በጣሊያን ደሴቶች ታስረዋል። ያንን ሁሉ በስሙ የጻፉት «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው ነው። ሆኖም «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ የምትወጣበትን መንገድ ያነበበ ሰው፣ ጸሐፊው የእግር መንገድን፣ ድካምንና የሽፍታን ፍርሃት ከወሬ ብቻ እንዳላወቁት ይጠረጥራል።

ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ። በመንዝ በኩል፣ ዘረት በሚባለው አገር፣ አሜጽኛ ዋሻ የሚባል አለ። የአርበኞቹ መሪ የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች፣ በተሾመ ሸንቁጥ እየተመሩ፣ ከነቤተሰባቸው ተጠልለውበት ነበር። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ዋሻውን ከብቦ የመርዝ ጋዝ ለቀቀበት፤ እጃቸውን ሰጥተው የወጡትን ወንዶችም ረሸናቸው። የታሪክ ተመራማሪው ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የዚህን ጭፍጨፋ ሰነድ ከጣሊያን መዛግብት አውጥቶ ይፋ ያደረገው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባልና ኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህሌ ያሉበት የአርኪዮሎጂ ቡድን ዋሻውን አጥንቶ በ2011 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ውስጡ የሰው አጽም አለ፤ የእህል ማስቀመጫና የሸክላ ዕቃ ስብርባሪም አለ።

ለልብወለድ ጸሐፊ ከጦርነቱ ይልቅ ያ የእህል ማስቀመጫ ብዙ ይናገራል። እህል የሚያከማች ሰው ነገን አስቧል። ታዲያ ከዋሻው ውጭ ያለው ጠላት ጭሱን እንዳያይ እንጀራው መቼ ይጋገር ነበር? ሕፃን ሌሊት ሲያለቅስ እናቱ ምን ታደርግ ነበር? ውሃ ለመቅዳት ማን ይወርድ ነበር፣ ሳይመለስ ሲቀርስ ማን ይተካው ነበር? የታደሰ ዘወልዴ «ቀሪን ገረመው» (1960 ዓ.ም.) የአርበኞችን ስምና ውሎ መዝግቦ ትልቅ ባለውለታ ሆኗል፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ግን የታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን የልብወለድ ሥራ ነው።

መንገዱ እንደሚያስኬድ መዓዛ መንግሥቴ አሳይታናለች። በእንግሊዝኛ ጽፋው በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዙር የደረሰው «ዘ ሻዶው ኪንግ» ልብወለዷ ስለ ሴት አርበኞች ነው። ስትጽፈው ቅድመ አያቷ ራሳቸው ጠመንጃ አንስተው መዝመታቸውን ከቤተሰቧ እንደሰማች ተናግራለች። አገር ያላወቀው የአንድ ቤት ትዝታ የልብወለድ ሥጋ ሆነ ማለት ነው። ይህን መሰል ትዝታ በመንዝ፣ በተጉለትና በቡልጋ በየቤቱ አለ፤ ወደ አማርኛ ልብወለድ የገባው ግን ጥቂቱ ነው።

በ1931 ዓ.ም. ሕፃን የነበረ ሰው ዛሬ ዘጠና ዓመት ሊያልፈው ምንም አልቀረው ወይም አልፎታል። ስለዚህ ለወጣት ደራስያን የሚቀርበው ጥሪ አስቸኳይ ነው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ተማሪዎች የድምፅ መቅጃ ይዘው ወደ ሽማግሌዎቹ ይሂዱ፤ ስለ ውጊያው ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ውሃው፣ ስለ ጨውና ስለ ጭሱ ይጠይቁ። ዋሻውንም በእግራቸው ይዩት።